ሰባቱ ውሃዎች፣ አንዱ ውሃና የድስቱ ክዳን



ወሩ ሻዕባን ነው። በየቤቱ ምስሩ እየተለቀመ፣ የሾርባው እህል እየተከካ፣ ቅመሙ እየተሰናዳ ነው። እናቶችና እህቶች ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ አዛን ከምድጃ ዳር የማይለዩበት የተከበረው ወር ደጃፋችን ላይ ደርሷል። እኛም የዛሬውን ጽሑፋችንን ከዚያው ከምድጃው ዳር ልንጀምረው ወደድን። ነገራችን ስለ ውሃ፣ ስለ እንፋሎትና ስለ ሙቀት ነው። ‹‹ይህ የፊዚክስ መምህሩ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?›› የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሰን እንለምነዋለን።

ልጆች ሆነን ኪታብ ስንቀራ መጀመሪያ የሚመጣው የጦሃራ ምዕራፍ ነበር። ኡስታዛችን ጦሃራ የሚደረግባቸውን ሰባት ውሃዎች በጣታችን እያስቆጠሩ ያስጠኑን ነበር፤ የዝናብ ውሃ፣ የባሕር ውሃ፣ የወንዝ ውሃ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ የምንጭ ውሃ፣ የሰልጅ ውሃ፣ የበረድ ውሃ። ‹‹በረድ›› የተባለው በቆርቆሮ ጣራችን ላይ የሚንኳኳው የኛው በረዶ መሆኑ ወዲያው ገባን። ‹‹ሰልጅ›› ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ከሰማይ የሚወርድ ነው ሲሉን አይተነው ስለማናውቅ እርስ በርስ ተያየን።

በዚያው ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የሳይንስ መምህራችን ቁስ አካል ሦስት ሁኔታ አለው አሉን፤ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ። ውሃ ሲረጋ በረዶ፣ ሲተን እንፋሎት ይሆናል፤ ነገሩ ግን ያው ውሃ ነው። እኛም ሰባቱን ለመድረሳ፣ ሦስቱን ለፈተና ብለን ለየብቻ አስቀመጥናቸው። ካደግን፣ እኛም መምህር ከሆንን በኋላ እንኳ ይህ ልማድ አልለቀቀንም። የለቀቀን ባለፈው ረመዳን ነው። ያስለቀቀን ደግሞ የአንዲት ተማሪያችን የተቃጠለ ክንድ ነው።

ቁጥሩን እኮ አውቀው ነበር

ተማሪያችን ጎበዝ ልጅ ናት። ስለ ሙቀት በሰጠነው ፈተና አንድ ኪሎ ግራም የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ስንት ሙቀት እንደሚፈልግ ጠይቀን ነበር። 2,257 ኪሎ ጁል ብላ በትክክል መለሰች፤ ሙሉ ማርክ ሰጠናት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ረመዳን ተጋምሶ ሳለ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሎ ክፍል ገባች። መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የሾርባውን ፕሬሸር ኩከር ከእሳት አውርዳ፣ ግፊቱ ሳይበርድ ክዳኑን በጉልበት ከፍታው ኖሯል። ፊቷን አላህ ጠበቀላት።

እኛ ‹‹አይዞሽ›› ስንላት እርሷ አንገቷን ደፍታ ‹‹ቲቸር፣ ቁጥሩን እኮ አውቀው ነበር›› አለችን።

ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም። እውነት ነው፣ ቁጥሩን ታውቅ ነበር። ቁጥሩ ስለ እጇ የሚናገር መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም። ያልነገርናት እኛ ነን። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ፈትነን፣ አርመን መልሰናል፤ ወደ ማጀቷ ግን አላደረስንላትም። ዕውቀት አማና ነው፤ ግማሹን አድርሶ ግማሹን ማስቀረት አማናን መወጣት አይደለም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው የቀረውን ግማሽ ለማድረስ ነው።

‹‹ንጹህ›› ሲባል

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። በፊቅህም በፊዚክስም ‹‹ንጹህ ውሃ›› ይባላል፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም። በፊቅህ የባሕር ውሃ ምንም ያህል ጨው ቢኖረው ጦሁር ነው፤ ውዱእ ይደረግበታል። በፊዚክስ ግን ያው የባሕር ውሃ ንጹህ ቁስ አይባልም፤ ድብልቅ ነው። ፊዚክስ ንጹህ የሚለው ከዳር እስከ ዳር የአንድ ዓይነት ነገር ብቻ የሆነውን ነው። ሁለቱም ዕውቀቶች ትክክል ናቸው፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ይለያያል። አንዱ ለዒባዳ የሚበቃውን ይጠይቃል፤ ሌላው እሳትና ብርድ ሲነካው የሚያሳየውን ጠባይ ይጠይቃል።

የንጹህ ቁስ ጠባይ ደግሞ እጅግ የተስተካከለ ነው። ግፊቱ ካልተለወጠ በስተቀር ሁልጊዜ በአንድ የታወቀ የሙቀት መጠን ይቀልጣል፣ በአንድ በታወቀ የሙቀት መጠን ይፈላል፤ ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ የለም። ሾርባችን ጨውና ዘይት ስላለበት ድብልቅ ቢሆንም፣ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ የሚፈላበት የሙቀት መጠን ከንጹህ ውሃ ያለው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ ለማጀታችን የውሃን ጠባይ ማወቅ ይበቃናል።

የተደበቀው ሙቀት

ውሃ ጥደን ቴርሞሜትር ብንጨምርበት ሙቀቱ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ሃምሳ እያለ ይወጣል። መፍላት ሲጀምር ግን ቀጥ ይላል። ከሥሩ እሳቱ እየነደደ ነው፤ ሙቀቱ እየገባ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ታዲያ ያ ሁሉ ሙቀት የት ይገባል?

ይህን በጥንቃቄ ከለኩት ሰዎች አንዱ በስኮትላንድ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ብላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሁለት ተመሳሳይ የመስተዋት ዕቃዎች በአንዱ በረዶ፣ በሌላው እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ አድርጎ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጣቸው። ውሃው ጥቂት ዲግሪ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲበቃው፣ በረዶው ቀልጦ እዚያው ደረጃ ለመድረስ አሥር ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀበት። ብላክ እንዲህ አለ፤ ሙቀቱ አልጠፋም፣ በረዶውን ውሃ ለማድረግ ውሏል፤ በቴርሞሜትር ስለማይታይ ድብቅ ነው። ‹‹ድብቅ ሙቀት›› የሚለው ስያሜ ከዚያ መጣ።

ከርሱ አስቀድሞም የውሃን ጠባይ በሚዛን የመረመሩ የኛ ሊቃውንት ነበሩ። አል-ቢሩኒ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ በእኩል ዕቃ ተለክቶ ክብደቱ እንደሚለያይ መዝኖ አሳይቷል፤ አል-ኻዚኒም እ.ኤ.አ. በ1121 በጻፈው ‹‹ሚዛን አል-ሒክማ›› በተባለው ኪታብ የርሱን የልኬት ሥራዎች አኑሮልናል። እነዚህ ሰዎች ኪታብና ሚዛን በየፊናው የሚቀመጡ አልመሰላቸውም።

አሁን ቁጥሮቹን ወደ ማጀት እናምጣቸው። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ብቻ 334 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ይህ የተገኘውን ውሃ ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። የፈላውን ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ የሚያስፈልገው 2,257 ኪሎ ጁል ደግሞ ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ለማሞቅ ከሚፈጀው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በአዲስ አበባ የተጣደ ውሃ ለመፍላት 10 ደቂቃ ከፈጀበት፣ በዚያው እሳት ጨርሶ ተንኖ እንዲደርቅ ከ70 ደቂቃ በላይ መቆየት አለበት። ያ ሁሉ እሳት በእንፋሎቱ ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል።

ለምን እንፋሎት ከፈላ ውሃ ይብሳል?

የተደበቀው ደግሞ ተደብቆ አይቀርም። እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲሆን የተሸከመውን ሙቀት በሙሉ እዚያው ያራግፋል። የነካው የድስት ክዳን ከሆነ ክዳኑ ይሞቃል። የነካው ክንድ ከሆነ በክንዱ ቆዳ ላይ ያራግፋል።

አንድ ግራም 100 ዲግሪ የሆነ ውሃ በቆዳ ላይ አርፎ እስከ ሰውነታችን ሙቀት እስከ 37 ዲግሪ ሲበርድ የሚሰጠው 260 ጁል ያህል ነው። አንድ ግራም በዚያው 100 ዲግሪ ያለ እንፋሎት ግን አስቀድሞ ውሃ ሲሆን 2,257 ጁል፣ ከዚያ ሲበርድ ሌላ 260፣ በድምሩ 2,500 ጁል ያህል ይሰጣል። በቴርሞሜትር እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ግን አሥር እጥፍ ያህል የሚያቃጥል ሙቀት ተሸክሟል። ተማሪያችን የመለሰችው ቁጥር ትርጉሙ ይህ ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር። ከማንቆርቆሪያ አፍ ላይ የምናየው ነጭ ነገር እንፋሎቱ ራሱ አይደለም። እንፋሎት አይታይም። ነጩ ቀዝቅዞ ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች የተመለሰው ነው። ከማንቆርቆሪያው አፍ እስከ ነጩ ድረስ ምንም ያለ የማይመስለው ክፍት ቦታ ነው እውነተኛው እንፋሎት። ልጆች ጣታቸውን የሚሰዱት ባዶ መስሏቸው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ግድግዳ ይዙር፤ የማንኛውም ድስት ክዳንም ሲነሳ መጀመሪያ ከወዲያኛው በኩል፣ ከፊታችን በራቀው ጠርዝ ይከፈት።

ደጋው ላይ ውሃ ለምን ቶሎ ይፈላል?

‹‹ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል›› ብለን ሁላችንም ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ የተጫነውን የአየር ግፊት ሲቋቋመው ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። የመቶ ዲግሪውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1742 ያቀረበው ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሲየስ ራሱ የመፍያው ነጥብ በአየር ግፊት እንደሚለዋወጥ ያውቅ ነበር፤ በልኬቱም ውስጥ አስገብቶታል።

በጅቡቲ ወደብ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በድሬዳዋ 96፣ በሐረር 94፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የደጋው ውሃ ቶሎ ይንተከተካል፤ ባቄላውና ሽምብራው ግን ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱም እህልን የሚያበስለው መንተክተኩ ሳይሆን የሙቀቱ መጠን ነው፤ የሙቀቱ መጠን ደግሞ ከ92 አያልፍም።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ኢስራፍ ነው። ድስቱ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብንጨምርበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አንድ ዲግሪ እንኳ አይጨምርም። ስለዚህ እህሉ በፍጥነት አይበስልም፤ ከሰሉ፣ ጋዙ ወይም መብራቱ ግን ያልቃል። ሲፈላ እሳቱን ቀንሶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ለስ ባለ እሳት እየተንተከተከ እንዲቆይ ማድረግ ያንኑ ሥራ በጥቂት ወጪ ይሠራል።

ሁለተኛው ስለ ልጆቻችን የመጠጥ ውሃ ነው። በደጋ የምንኖር ሰዎች ‹‹100 ሳይደርስ የፈላ ውሃ ጀርም ይገድላል ወይ?›› ብለን ልንሰጋ እንችላለን። ይገድላል፤ የበሽታ አምጪዎቹ አብዛኞቹ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይሞታሉ። ሆኖም የጤና ባለሙያዎች ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለ ቦታ ውሃው በደንብ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራሉ። ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል። እንግዲህ በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በደብረ ብርሃን ያላችሁ እናቶች ሦስቷን ደቂቃ አትርሷት።

ፕሬሸር ኩከሩ ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ1679 ፈረንሳዊው ደኒ ፓፔን ክዳኑ ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ ድስት ሠራ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃው በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ ከዚያ አልፎ ይሞቃል። አጥንት እንኳ ለስልሶ ወጣለት። ቀጥሎም ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ እንፋሎቱን የሚያስወጣ መተንፈሻ ጨመረበት። ዛሬ በየቤታችን የሚያፏጨው ዕቃ የዚያ ድስት ዘር ነው።

የተለመደው ፕሬሸር ኩከር ከውጭው አየር በላይ በባሕር ወለል ያለውን አንድ የአየር ግፊት የሚያህል ይጨምራል። በባሕር ወለል ላይ ውስጡ 121 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 117 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከ92 ወደ 117፤ ሰዓታት የሚፈጀው ሽምብራ በጥቂት ጊዜ የሚለሰልሰው በዚህ ነው። ለደጋ ሰው ከቆላው ሰው ይልቅ የሚጠቅም ዕቃ ነው ብንል አላጋነንም።

አደጋውም ከዚያው ቦታ ይነሳል። ሦስት ሊትር ሾርባ በ117 ዲግሪ ሆኖ ግፊቱ እንዳለ ክዳኑ ድንገት ቢከፈት ውጭ ያለው ግፊት የሚፈቅደው 92 ዲግሪ ብቻ ነው። የሚተርፈው ሙቀት የት ይሄዳል? ከሾርባው ውስጥ 140 ግራም ያህሉን በቅጽበት እንፋሎት ያደርገዋል። 140 ግራም ውሃ አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ነው። እንፋሎት ሲሆን ግን 300 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ አንድ በርሜል ተኩል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ድስት አፍ በአንድ ጊዜ ሲወጣ የፈላውን ሾርባም ይዞ ይረጫል። ተማሪያችንን የገጠማት ይህ ነው።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ልጆቻችን፣ ማጀት የምትገቡ ወንድሞችም ጭምር፣ እነዚህን አደራ እንላችኋለን፤

ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላ፤ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር አረፋ ስለሚያወጡና ስለሚያብጡ ከግማሽ አይለፉ። ከመጣዳችሁ በፊት የመተንፈሻውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት፤ የምስር ገለባ ደፍኖት ከሆነ አጽዱት። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ ግፊቱ በራሱ እስኪበርድ ጠብቁ። ክዳኑ እንቢ ካላችሁ እንቢ ያለው ግፊት ስላለ ነው፤ አትታገሉት። አዛን ቢደርስ ምን ይደረግ? በተምርና በውሃ አፍጥሩ፣ መግሪብን ስገዱ፤ ተመልሳችሁ ስትመጡ ድስቱ በርዶ ይጠብቃችኋል። ሱናውም ይህንኑ ያስተምረናል፤ ጥድፊያው የኛ ነው እንጂ የጾሙ አይደለም።

የጋዙ ሲሊንደርም ያው ሕግ አለው

ብዙ ቤት የሚገባው የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲናወጥ የሚሰማን ፈሳሽ ነው። ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ቁሶች ድብልቅ ነው። ፕሮፔን በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ፣ ቡቴን ዜሮ አካባቢ ይፈላሉ። በክፍላችን ሙቀት ጋዝ መሆን ነበረባቸው፤ ፈሳሽ ሆነው የቆዩት ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት ስላለ ነው። ግፊት ሲጨምር የመፍያው ነጥብ ከፍ ይላል ያልነው ሕግ እዚህም ይሠራል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽና ጋዝ አብረው እስካሉ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው በዋናነት የሙቀቱ መጠን እንጂ የጋዙ ብዛት አይደለም። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆንም ሊያልቅ ሲቃረብም ነበልባሉ ያው ነው፤ ከዚያ ድንገት ይጠፋል። የቀረውን ለማወቅ መመዘን ነው። የባዶው ዕቃ ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ተቀርጿል፤ ያንን ቀንሱ።

ሁለተኛ፣ ፈሳሹ ሲተን ድብቅ ሙቀቱን የሚወስደው ከራሱና ከሲሊንደሩ ብረት ነው። ብዙ ሰዓት ስናበስል ብረቱ የሚቀዘቅዘውና የሚያልበው ለዚህ ነው፤ ነበልባሉም ይደክማል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ ሲሊንደሩን ከከሰል አጠገብ ያስጠጋል፤ አለዚያም ያጋድመዋል። ሁለቱም ሕይወት የሚያስከፍሉ ስሕተቶች ናቸው። ሲሞቅ ግፊቱ በፍጥነት ያሻቅባል፤ ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ ወደ ጎማው ይወጣል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ደግሞ ሲተን 250 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ጣራ አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ከአልጋ ሥር ይገባል። ሽታው ከመጣ ክብሪት አትጫሩ፣ መብራት አታብሩ፣ የበራም አታጥፉ፤ ማብሪያው ራሱ ብልጭታ አለው። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አውጡ። የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት የሳሙና አረፋ ቀቡበት፤ አረፋው ከነፋ እዚያ ነው። በእሳት መፈለግ በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ከተቃጠለ በኋላ

አደጋው ከደረሰ፣ ቀለበትና አምባር ቶሎ ይውለቅ፤ ቦታው ሲያብጥ አይወጣም። የተቃጠለው አካል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ውሃው የገባውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ቆዳው ሥር የቀረው ሙቀት ካልወጣ ማቃጠሉን ይቀጥላል። በረዶ አይደረግ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና አይቀባ፤ ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። በንጹህ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈንና ወደ ጤና ተቋም ይኬድ፤ በተለይ ሕፃን ከሆነ ወይም ፊት፣ እጅና መገጣጠሚያ ከተነካ አይዘግይ።

ያው ሙቀት ራሕመትም ነው

ስለ አደጋው ብቻ ተናግረን ብንለያይ ውሃን መበደል ይሆንብናል። ክንድ ያቃጠለው ድብቅ ሙቀት በቆላ ሀገር ሰውን የሚያኖረውም ነው። ላብ ከቆዳችን ሲተን ድብቅ ሙቀቱን የሚወስደው ከሰውነታችን ነው፤ እኛም እንበርዳለን። እናቶቻችን በእንስራ የሚያኖሩት ውሃ የሚቀዘቅዘው ጥቂቱ በሸክላው ቀዳዳዎች ሰርጎ ወጥቶ ሲተን ለቀረው ሙቀቱን ስለሚወስድለት ነው። ከባሕር ላይ በፀሐይ የተነነውም ውሃ ያንኑ ሙቀት ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል፤ ደመና ሲሆን እዚያ ላይ ያራግፈዋል፤ ጨውንም ከታች ትቶ ጣፋጭ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። የባሕር ውሃ፣ የዝናብ ውሃ፣ የበረድ ውሃ፣ የምንጭ ውሃ፤ ሰባቱ ውሃዎች አንዱ ውሃ ናቸው። የሚለያዩት በቦታቸው፣ በያዙት ነገርና በሁኔታቸው ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ሳይንስ ባገኘው ቁጥር ሁሉ ‹‹ይህ በቁርአን ውስጥ አለ›› ለማለት ይቸኩላሉ። እኛ 2,257 የሚለውን ቁጥር በቁርአን ውስጥ አንፈልግም። ቁርአን ስለ ደመናው፣ ስለ ዝናቡና ስለ በረዶው ደጋግሞ የሚነግረን እንድናይ፣ እንድናስተነትንና ፈጣሪያችንን እንድናውቅ ነው። ቁጥሩን ፈልጎ ማግኘት ለኛ ተትቷል። ያገኘነውን ደግሞ ወደ ማጀት አድርሰን ራስንና ሌላውን ከጉዳት መጠበቅ የዲናችን ደንብ ነው።

የተማሪያችን ክንድ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ዘንድሮ ስለ ድብቅ ሙቀት ስናስተምር ትምህርቱን በጥቁር ሰሌዳ አልጀመርንም። እርሷን ጠይቀን፣ ፈቅዳ፣ ክፍሉ ፊት ቆማ በራሷ አፍ አስረዳች፤ ድስቱን፣ ክዳኑን፣ አዛኑን፣ ጥድፊያውን። በመጨረሻ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ያን ቀን ማንም ‹‹ይህ ለፈተና ይመጣል ወይ?›› ብሎ አልጠየቀንም።

አላህ ረመዳንን በሰላም ያድርሰን፤ ማጀታችንንም ከአደጋ ይጠብቅልን። አሚን።